ካላዲየም ሲታመም መጀመሪያ አፈሩን ንኩት

ካላዲየም የታመመባቸው ሰዎች የሚያሳዩኝ የቅጠል ፎቶ ነው። ቢጫ የሆነ፣ ጠርዙ ያረረ፣ አንገቱን የደፋ። እኔ መልሼ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ «አፈሩን ነክተኸዋል?» አብዛኛው አልነካውም። አይፈረድበትም። ዓይን የሚገባው ቅጠሉ ነው፤ ተክሉ የተገዛውም ለቅጠሉ ነው። ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከታች ነው። ወይ ውሃ ነው፣ ወይ ብርድ ነው፣ ወይ ሁለቱም አብረው ናቸው።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ታላቅ እህቴ ደሴ ናት። ሁለታችን ቤት ያለው ካላዲየም ከአንድ ተክል የተከፈለ ነው፤ መሃሉ ሮዝ፣ ጠርዙ አረንጓዴ። እኔ ጋ በረንዳ ላይ እንደ ጉድ ይንዠረገጋል። እሷ ጋ ክረምት በገባ ቁጥር አንድ ነገር ይሆናል። ስለዚህ ተክል የማውቀውን አብዛኛውን ነገር ያወቅሁት ከዚህ ልዩነት ነው።

መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሐረጎን ዳገት ከወጣህ ደሴ ገባህ ማለት ነው። ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ስትሆን ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በእሷና በእኔ ቤት መካከል 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ለሰው 4 ዲግሪ ጋቢ ደርቦ የሚያልፈው ነገር ነው። ካላዲየም ግን የሚደርበው የለውም።

ተክሉ የደቡብ አሜሪካ ነው። ሞቃትና እርጥብ በሆነ ደን፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚበቅለው። ቀን ከ21 እስከ 30 ዲግሪ፣ ሌሊት ደግሞ ከ18 ዲግሪ በላይ ቢያገኝ ደስ ይለዋል። ከ15 ዲግሪ በታች የሆኑ ሌሊቶች ሲደጋገሙበት ማደጉን ያቆማል፤ ቅጠሉም መውደቅ ይጀምራል። የእኛው ጎደሬ ዘመዱ ነው፤ ጎደሬ የሚያውቅ ሰው ቅጠሉን ሲያይ ወዲያው ይለያል። አፈር ውስጥ ድንች የመሰለ ነገር አለው። እኛ ቤት «ድንቹ» ነው የምንለው፤ እዚህም እንደዚያው እላለሁ። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው የካላዲየም ድንች አብዛኛው የሚመረተው አሜሪካ ውስጥ፣ ፍሎሪዳ፣ ሌክ ፕላሲድ በምትባል ትንሽ ከተማ አካባቢ ነው። ፍሎሪዳ ምን ያህል ሞቃት እንደሆነ ካሰባችሁ የደሴ ነሐሴ ለዚህ ተክል ምን እንደሚመስለው ይገባችኋል።

አንገት መድፋት

በብዛት የምጠየቀው ስለዚህ ነው። አንገት መድፋት ሁለት ተቃራኒ ምክንያት አለው፤ ከላይ ሲታዩ ግን አንድ ዓይነት ናቸው። ጣታችሁን እስከ አንድ አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። ደረቅ ከሆነ ተክሉ ጠምቶታል። ጠዋት ብታጠጡት ከሰዓት በኋላ ቀና ብሎ ታገኙታላችሁ። ጣታችሁ ጭቃ ይዞ ከወጣ ግን ሥሩ ታሟል። ያኔ ውሃ መጨመር ማለት መግደል ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሥር አየር ይፈልጋል። አፈሩ በውሃ ሲሞላ አየሩ ይወጣል፤ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ አይችልም። ቅጠሉ ውሃ ሳይደርሰው ሲቀር እንደተጠማ ሆኖ ይወድቃል። ባለቤቱ ያየዋል፣ ያዝናል፣ ውሃ ይጨምራል።

የእህቴ ተክል ልክ እንደዚህ ነበር። ነሐሴ ላይ ደውላ «ውሃ ባጠጣሁት ቁጥር ይብስበታል፤ ምን ሆኖ ነው ወንድምዓለም?» አለችኝ። ስሄድ መስኮቱ ሥር፣ ሊሾው ላይ ተቀምጧል። የተተከለው በዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ጣሳውን አንስቼ ገለበጥኩት፤ ሥሩ አልተበሳም። ክረምቱን ሙሉ የጠጣው ውሃ መውጫ አላገኘም። ሊሾው በዚያ ላይ ሌሊት ሌሊት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል።

ተክሉን ከነአፈሩ አውጥተን ጋዜጣ ላይ ዘረጋነው። ሽታው ራሱ ይናገራል፤ የተበላሸ ሽንኩርት ይሸታል። ሥሮቹ ቡናማ ሆነዋል፤ ሲጎትቷቸው ልጣቸው ተገፎ ይቀራል። ድንቹን በአውራ ጣቴ ጫን ጫን እያልኩ ዞርኩት። በአንድ በኩል ጠንካራ ነው። በሌላው በኩል ጣቴ ሰመጠ። ቢላዋ በአልኮል ጠርጌ የላሸቀውን ቆረጥኩት። መጀመሪያ ቡናማ ወጣ፣ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ንጹሕ ሥጋ። ንጹሑ እስኪመጣ ድረስ ነው መቁረጥ ያለባችሁ። ትንሽ ቡናማ ነጥብ «ምን ታመጣለች» ተብላ ከተተወች ብስባሱ ከእሷ ይቀጥላል። በየመሃሉ ቢላውን እንደገና መጥረግም አይረሳ።

እህቴ የተቆረጠው ላይ አመድ ነሰነሰችበት። የእናታችን ልማድ ነው፤ አልከለከልኳትም። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን መድረቁ ነው። ጥላ ባለበትና አየር በሚገባበት ቦታ የቁስሉ ገጽ ደርቆ ቅርፊት እስኪያወጣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከዚያ አሸዋ በበዛበት አዲስ አፈር ይተከላል፤ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ውሃው በጣም ትንሽ ነው። የእህቴ ተክል ወር ከምናምን ቆይቶ አቆጠቆጠ። ቅጠሉ አነስ ብሎ ነው የመጣው፤ ግማሽ ድንች ስለሆነ አይገርምም።

ሌላም ዓይነት ብስባስ አለ። ድንቹ አይሸትም፣ አይላሽቅም፤ ውስጡ ግን ደርቆ ጠመኔ ሆኗል፤ ሲነካ ይፈረፈራል። ይህ ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገባው ድንቹ ሲቆፈር ከቆሰለ ወይም ሲቀመጥ ብርድ ከመታው ነው። ከግማሽ በላይ ከተበላ ብዙም አልታገልም፤ እጥለዋለሁ።

አፈር፣ ጣሳና ውሃ

የቦርከና ሜዳ ጥቁር አፈር ለማሽላና ለጤፍ ይሆናል፤ ለብቻው ጣሳ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃ ይዞ አይለቅም፤ ሲደርቅ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል። እኔ የምጠቀመው አንድ እጅ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ነው። ደሴ ላይ አሸዋውን ጨምሩት። ፍጉ ሽታው የጠፋ፣ ሲያፍሱት አፈር የሚመስል መሆን አለበት። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል።

መትከያው ምንም ሊሆን ይችላል፤ የቀለም ባልዲ፣ የተቆረጠ ጄሪካን፣ የዘይት ጣሳ። ሥሩ ይበሳ እንጂ። ሚስማር አግላችሁ አምስት ስድስት ቦታ ብሱት። ከሥሩ ሰሃን የምታስቀምጡ ከሆነ ውሃ ካጠጣችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰሃኑን ድፉ።

ውሃ የምታጠጡበት ቀን በሳምንት ፕሮግራም አይወሰንም። ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ ያለ ተክል በየቀኑ ሊጠጣ ይችላል፤ ነሐሴ ላይ ያው ተክል ሳምንት ሳይነካ ይቆያል። ጣት ነው የሚወስነው። የምታጠጡ ከሆነ ግን ከሥር እስኪወጣ ድረስ በደንብ አጠጡ፤ በየቀኑ በሲኒ ጠብ ማድረግ ላዩን ያረጥባል፣ ሥሩን ያደርቃል። ደሴና ከዚያ በላይ ላላችሁ፣ የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ስለሆነ በቀጥታ ከምታፈሱበት ቤት ውስጥ አሳድሩት።

ስለ ቡና አንድ ነገር ልበል። የጀበና አለቅላቂና አተላ አበባ ላይ መድፋት በየቤቱ አለ። አንዳንዴ ቢሆን ችግር የለውም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት ግን (የወሎ ቤት ማለቴ ነው) አተላው ላይ ላዩን ተጋግሮ ውሃና አየር ይከለክላል። ከአፈሩ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦች ሲነሱ ካያችሁ አፈሩ ሳይደርቅ እየከረመ ነው ማለት ነው። ዝንቦቹን በመርጨት አትድከሙ፤ የላዩን አፈር ቀይሩና ውሃውን ቀንሱ፣ ራሳቸው ይጠፋሉ።

ብርድን በተመለከተ ደሴ ላይ የሠራልን ነገር ሁለት ነው። ተክሉን ከሊሾው አንስቶ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ አንዱ ነው። ሌላው ማታ ማታ ከመስኮቱ ማራቅ ነው፤ ቀን ብርሃን የሚሰጠው መስተዋት ሌሊት ብርድ ነው የሚሰጠው። ደጅ ማሳደር ግን አይሆንም፤ ደሴ ሌሊቷ በጋም ሆነ ክረምት ለካላዲየም ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ደጅ ይችላል፤ ጥቅምት ላይ ነፋሱ ሲለወጥ ወደ ውስጥ አስገባዋለሁ።

ሞቷል ብላችሁ አትጣሉት

ኅዳር ላይ የሚጣለው ካላዲየም ብዛት ያሳዝናል። ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ቢጫ ይሆናል፣ አንድ በአንድ ይተኛል፣ በመጨረሻ ባዶ አፈር ይቀራል። አንዷ ጎረቤቴ ዓይን ገብቶበት ነው አለች። እንግዳ መጥቶ «ሲያምር!» ብሎ ማሻአላህ ሳይል ሄዷል። ስለ ዓይን አልከራከርም። ግን ይህ ተክል በዓመት አንድ ጊዜ ይተኛል፤ ተፈጥሮው ነው። ሌሊቱ ሲቀዘቅዝና አየሩ ሲደርቅ ምግቡን ወደ ድንቹ ሰብስቦ ያርፋል።

እንቅልፍና ሞት የሚለዩት በእጅ ነው። አፈሩን ጫር ጫር አድርጋችሁ ድንቹን ጫን በሉት። ጠንካራ ከሆነ ተኝቷል። ከላሸቀ በስብሷል። ጎረቤቴ ጣሳውን ከቆሻሻው አጠገብ አስቀምጣው ነበር፤ ጣቴን ስከት ድንቹ እንደ ድንጋይ ነው። «አብሽሪ፣ አለ» አልኳት።

ቅጠሉ መውደቅ ሲጀምር ውሃውን ቀንሱ፤ ቅጠሉ ሲያልቅ አቁሙ። ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። ቀላሉ ከነጣሳው ዝናብና ጤዛ በማያገኘው ሞቅ ያለ ቦታ መተው ነው። ሁለተኛው ድንቹን ቆፍሮ ማውጣት ነው፤ አፈሩን በእጅ አራግፉ፣ አትጠቡት፣ ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል አድርቁት፣ ከዚያ በደረቅ ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ቀብራችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ፌስታል ውስጥ ከተታችሁ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ፍሪጅ በጭራሽ አይሆንም፤ ከ15 ዲግሪ በታች የተቀመጠ ድንች በውስጡ ይጎዳል፤ ጉዳቱ የሚታየው ግን ከተተከለ በኋላ ነው። ደሴ ላይ ያለው ጥሩ ቦታ ማድ ቤት ነው፤ ከምድጃው ራቅ ያለ መደርደሪያ።

ካርቶኑ ላይ «አይበላም» ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም። ድንቹም ቅጠሉም መርዝ አለው። ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል በጣም ረቂቅ መርፌ የመሰለ ነገር በውስጡ አለ። የቀመሰ ሰው አፉና ምላሱ ይቃጠላል፣ ያብጣል፣ ምራቁ ይዝረከረካል። ጎደሬም ጥሬውን አፍ የሚያሳክከው በዚሁ ነው። ትንሽ ልጅ፣ ፍየል፣ ድመት ካለ ተክሉን ከፍ አድርጉት። ሰው ቀምሶ ጉሮሮው ካበጠ ወይም መተንፈስ ከቸገረው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ድንች ስትቆርጡም ቆዳው የሚያሳክከው ሰው አለ፤ ጓንት ወይም ፌስታል እጃችሁ ላይ አጥልቁ።

እንደገና የሚተከለው አፈሩ ሲሞቅ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ፣ ደሴ ላይ ሚያዝያ አጋማሽ አልፎ፣ ያውም ቤት ውስጥ። ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ዓይኑ ወደ ላይ። ተገልብጦ ቢተከልም ይበቅላል፤ ዞሮ ለመውጣት ግን ጊዜ ይወስድበታል። ሞቅ ያለ ቦታ ላይ በ3 ሳምንት ብቅ የሚል አለ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ላይ 2 ወር የሚፈጅ አለ። እህቴ ፍሪጁ ላይ፣ ወደ ጀርባው ጠጋ አድርጋ ነው የምታስበቅለው፤ ከኋላው የሚወጣው ሙቀት ይጠቅመዋል። በዚህ ጊዜ አፈሩ በትንሹ ይርጠብ እንጂ አይጠጣ። «በቅሏል ወይ» ብላችሁ ደግሞ በየቀኑ አትቆፍሩ። ቡቃያው በቀላሉ ይሰበራል።

ቀለሙ የጠፋ፣ ጠርዙ ያረረ

ሮዝ ብለው የገዙት ተክል አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ የሚናደዱ አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቅጠሎች ብዙ ጊዜ ቀለማቸው ያልሞላ ነው፤ ታገሱ። ከዚያ በኋላም ካልመጣ ወይ ጨለማ ቦታ ላይ ነው፣ ወይ ዩሪያ በዝቶበታል። ጨለማ ከሆነ ዘንጉ እየቀጠነና እየረዘመ ወደ መስኮቱ ያጋድላል። ብርሃን ወዳለበት አስጠጉት፤ ጣሳውንም በየጊዜው አዙሩት። ዩሪያ ከሆነ ግን ዘንጉ ወፍራም፣ ቅጠሉ ትልቅና አረንጓዴ ነው።

ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ ናይትሮጅን ቅጠል ያሳድጋል፣ አረንጓዴም ያደርጋል። ለበቆሎ መልካም ነው። አንድ ጎረቤቴ ሐጂ ከእርሻ የተረፋቸውን በእፍኝ ጣል አደረጉበት። በሳምንቱ የቅጠሉ ዙሪያ ቡናማ ሆኖ ደረቀ። «አንቱ፣ ይኼ ተክል ሲርበው የሚበላው በማንኪያ ነው» ብያቸው ሳቁ። መድኃኒቱ ውሃ ነው። ጣሳውን ደጅ አውጥታችሁ ንጹሕ ውሃ በቀስታ ደጋግማችሁ አፍስሱበት፤ ከሥር እየወጣ ጨውን ያጥበዋል። አፈሩ ላይ ወይም የጣሳው ጠርዝ ላይ ነጭ ቅርፊት ካያችሁም ችግሩ ያው ጨው ነው። ላዩን ፍቃችሁ ጣሉት።

ጠርዙ ያረረ ቅጠል ሁሉ ግን ከማዳበሪያ አይደለም። ፀሐይ ያቃጠለው ከሆነ ቡናማው የሚወጣው በየቦታው ነው፣ በተለይ ፀሐይ በሚያርፍበት ወገን፤ ከቅጠሉ ነጩ ወይም ፈዛዛው ክፍል ቀድሞ ይቃጠላል። ነጭ የበዛባቸው ዝርያዎች የኮምቦልቻን የቀትር ፀሐይ አይችሉም። የጠዋት ፀሐይ እስከ ሦስትና አራት ሰዓት ድረስ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ ጥላ። ደረቅ አየር ያረረው ከሆነ ደግሞ ጫፉና ጠርዙ እኩል ይደርቃል። ይህ ጥርና የካቲት ላይ፣ ሳይተኛ ቤት ውስጥ የከረመ ተክል ላይ ይበዛል። ውሃ በየጊዜው መርጨት ብዙም አይጠቅምም፤ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲበዛም ቅጠል ላይ ነጥብ ያመጣል። ተክሎችን አንድ ላይ ሰብስቦ ማስቀመጥና ከበር ነፋስ ማራቅ ይሻላል።

ያረረው ቅጠል አይመለስም። ከሥሩ ቆርጣችሁ የሚቀጥለውን ጠብቁ።

ተባይ

በጋ ላይ የሚመጣው ቀይ ሸረሪት ነው። በዓይን ለማየት ያስቸግራል። መጀመሪያ የሚታየው ቅጠሉ ወዙን ሲያጣ ነው፤ አቧራ የተቀመጠበት ይመስላል፤ ስትጠርጉት ግን አይለቅም፤ በቅርብ ስታዩት ነጫጭ ጥቃቅን ነጥብ ነው። ነጭ ወረቀት ከሥር ያዙና ቅጠሉን በጣታችሁ መታ መታ አድርጉት። ወረቀቱ ላይ የወደቀው ነጥብ መራመድ ከጀመረ አገኛችሁት። ሲብስ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቀጭን ድር ያደራል።

እኔ የማደርገው ይኸው ነው። አፈሩ እንዳይጨቀይ ጣሳውን በፌስታል አስራለሁ። ክዳኑ በተበሳ የሃይላንድ ውሃ የቅጠሉን ጀርባ በቀስታ አጥባለሁ፤ ተባዩ ያለው ከጀርባ ነው። ካልበቃ በአንድ ሊትር ውሃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ፈሳሽ ሳሙና አደርጋለሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሬ አሳድራለሁ። የካላዲየም ቅጠል ስስ ስለሆነ የማይችለው አለ። ማታ ነው የምቀባው፣ በኋላም በንጹሕ ውሃ አለቀልቀዋለሁ። እንቁላሉ ስለሚፈለፈል በየአራት አምስት ቀኑ መደጋገም የግድ ነው። አንድ ቀን አጥቦ «አልሠራም» የሚል ሰው ነው የበዛው።

የበረሮና የዝንብ መርጫ የሚረጩ አሉ። እሱ ለግድግዳ የተሠራ ነው። አንዷ ዘመዴ ረጭታበት በማግሥቱ ቅጠሉ እንደ ፈላ ውሃ የፈሰሰበት ሆኖ አደረ። ቀይ ሸረሪት ደግሞ ነፍሳት አይደለም፤ የሸረሪት ወገን ነው፤ ብዙ የነፍሳት መድኃኒት እሱን አይነካውም፤ እሱን የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ግን ይፈጃል።

ዘንጉ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ እሱም ተባይ ነው፤ ጥጥ በአልኮል ነክራችሁ አንድ በአንድ ጥረጉት። ክሽክሽ (ቅጠል ላይ ተሰብስቦ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት) በውሃ ይወርዳል። ቅጠሉ ተበሳስቶ ተባይ ካላገኛችሁ ማታ በስልክ መብራት ውጡና እዩ፤ ቀንድ አውጣ የሚበላው ሌሊት ነው። ሐምሌ ላይ በረዶ ዘንቦ ከሆነ ደግሞ አትመራመሩ፤ በረዶው ነው የቀዳደደው።

ቅጠሉ ላይ ውሃ ያቆረ የሚመስል ነጥብ ወጥቶ ዙሪያው ቢጫ ከሆነ ባክቴሪያ ነው። ቅጠሉን ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ውሃ ከላይ አታፍስሱ፣ አፈሩ ላይ ብቻ። ቫይረስም አለ። ቅጠሉ ላይ ላባ የመሰለ ፈዛዛ ዥንጉርጉር ይሠራል፣ አዲሱ ቅጠልም ይጨማደዳል። ቫይረሱ ጎደሬንም ይይዛል። መድኃኒት የለውም፤ ክሽክሽም ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። እንዲህ ያለውን ተክል ከነድንቹ በፌስታል አስራችሁ አስወግዱ፤ ለጎረቤት አትከፋፍሉት፣ ፍግ ውስጥም አትጨምሩት።

ሰው የሚያስደነግጡ፣ ግን በሽታ ያልሆኑ ነገሮችም አሉ። ጠዋት ቅጠሉ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል የውሃ ጠብታ ምንም አይደለችም። ከሥር ያለ አንድ አሮጌ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲወድቅ አዲሱ ከወጣ ደህና ነው። ነጣ ያለ ጆሮ የመሰለ አበባ ሲያወጣ እኔ እቆርጠዋለሁ፤ ጉልበቱን ለቅጠሉ ያውለው ብዬ ነው። ያማረው ሰው ቢተወው አይጎዳም።

ስትገዙ

ብዙው ካላዲየም እኛ ጋ የሚደርሰው ከአዲስ አበባ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ያልፋል፤ ጣርማ በር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትሆናላችሁ። የአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ተጭኖ የመጣ ካላዲየም ደህና መስሎ ይወርድና በሳምንቱ ቅጠሉን ሁሉ ይጥላል። የምታስመጡ ከሆነ ጭናችሁ ላይ ወይም እግራችሁ ሥር፣ በካርቶን ይምጣ። እንዲያውም ቅጠል ያለውን ከማስመጣት በተኛበት ወራት ድንቹን ብቻ በወረቀት ጠቅልሎ ማምጣት ይሻላል።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። ከረጢቱን አንስታችሁ ክብደቱን ገምቱ፤ በውሃ የከበደ ከሆነ ሌላ ምረጡ። ሻጩ ከፈቀደላችሁ አፈሩን ጫር አድርጋችሁ ድንቹን ንኩት። አንድ የችግኝ ሻጭ «ገዝተሽ ንኪው» ብሎ እህቴን አባሯታል፤ ሌላ ሻጭ ጋ ሄደች። ቤት ስታደርሱት ወዲያው አትቀይሩት፣ አታዳብሩት፤ አንድ ሁለት ቅጠል ቢጥልም ተዉት። ከሌሎቹ ተክሎች ለይታችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡት፤ ተባይ ይዞ ከመጣም ብዙውን ጊዜ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታያል።